ቢላዋ ሰውን አይጠራም



ስለ ስልክና ስለ ማኅበራዊ መገናኛ በተነሣ ቁጥር አንድ ምሳሌ ሳይጠቀስ አይታለፍም። እርሱም የቢላዋ ምሳሌ ነው። ቢላዋ ሽንኩርት ይከትፋል፤ ሰውም ይወጋበታል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የያዘው እጅ እንጂ የቢላዋው አይደለም ይባላል። ስልክም እንዲሁ ለሚያውቅበት መልካም፣ ለማያውቅበት ክፉ ነው ተብሎ ውይይቱ ይዘጋል። ሰሚው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ይነሣል፤ ማታ ግን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ያንኑ ስልክ ሲያገላብጥ ያመሻል።

እኔ በዛሬው ጽሑፌ ይህን ምሳሌ ልሞግተው አስቤአለሁ። ምሳሌው ትክክል ከሆነ እንቅልፍ ያጣው፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው፣ የሌላውን ኑሮ እያየ የራሱ የሚያስጠላው ወጣት ሁሉ ጥፋተኛው እርሱ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ምክሩም «ራስህን ግዛ» ከማለት አያልፍም። ምሳሌው የማይሠራ ከሆነ ግን ጥያቄው ይሰፋል። በእጃችን ያለው ነገር ምንድን ነው? እኛስ በእርሱ እርስ በርሳችን ምን እያደረግን ነው? ወደሚል ይደርሳል።

እስቲ ቢላዋውን እንመልከት። ቢላዋ ሥራው ሲያልቅ ታጥቦ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሌሊት «ኑ ሽንኩርት ክተፉ» ብሎ አይጠራም። የሠራውም ባለ እጅ ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ፣ ገዢው በቀን ዐሥር ደቂቃ ያዘው ወይስ አምስት ሰዓት፣ ለእርሱ ትርፍም ኪሣራም የለውም። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ግን ለእኛ በነጻ ቀርበዋል፤ ገቢያቸው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያም የሚሸጠው የሚያይ ዓይን እስካለ ድረስ ነው። እኛ ቶሎ ዘግተን ከተነሣን እነርሱ ይከስራሉ። ባለቤቱ አለመጠቀም የሚጎዳው፣ አብዝቶ መያዝ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ቢላዋ አንድም ቤት ውስጥ የለም።

አሠራሩንም ልብ ብሎ ላየው ይኸው ነው። ከዚህ ቀደም በኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚነበበው ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ገጹ ከታች ሳያልቅ ራሱን እየቀጠለ የሚወርድበትን ዘዴ ሠራ፤ በኋላም የሠራው ነገር ስላመጣው መዘዝ በአደባባይ ጸጸቱን ተናግሯል። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ዳሩ ግን ያቺ «ቀጣይ» የምትለዋ ቃል ሰው ቆም ብሎ «ይብቃኝ» የሚልባት ደጃፍ ነበረች። የእኛን ቡና ውሰዱ። አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ወሬው የቱንም ያህል ቢጥም በረካው ከተጠጣ በኋላ ምርቃቱ ተሰጥቶ ሰው ወደየሥራው ይነሣል። ቡናን ያዘጋጁ አባቶችና እናቶች ማብቂያውን አብረው አዘጋጅተውለታል። ቲክቶክ ግን በረካ የለውም። ሁልጊዜ አቦል ነው።

ላይክ የምንለው የአውራ ጣት ምልክት ደግሞ በፌስቡክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የኩባንያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር በ2017 በግልጽ እንደተናገረው፣ ሥራውን ሲጀምሩ ያሳሰባቸው ጥያቄ የሰውን ጊዜና ትኩረት እንዴት አድርገን በተቻለ መጠን እንውሰድ የሚል ነበር፤ ላይኩና አስተያየቱም ሰውየው ጥቂት ደስ እንዲለውና ተመልሶ እንዲለጥፍ የሚያደርጉ ናቸው። ይህ የሰውን ድካም መጠቀም መሆኑንም ያውቁ እንደነበር አልሸሸገም። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ርግቦችን በሣጥን እያስገባ ባደረገው ጥናት ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ቁልፉን በምንቃሯ በመታች ቁጥር እህል የምታገኝ ርግብ እህሉ ሲቋረጥባት ቶሎ ትተወዋለች። አንዳንዴ የምታገኝ፣ አንዳንዴ የማታገኝ፣ መቼ እንደምታገኝም የማታውቀዋ ግን ሳትታክት ስትመታ ትውላለች። እኛስ ስልካችንን በቀን ስንት ጊዜ እንከፍታለን? አንዳንዴ አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም፤ ሆኖም እንከፍታለን።

እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ደግሞ ፌስቡክ የ689,003 ሰዎችን ገጽ ለአንድ ሳምንት ለወጠ። ለአንዳንዱ ደስ የሚለውን፣ ለሌላው የሚያሳዝነውን የወዳጅ ጽሑፍ ቀነሰበት፤ ከዚያም እነርሱ ራሳቸው የሚጽፉት ይለወጥ እንደሆነ ለካ። ውጤቱ በ2014 ታተመ። የተገኘው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሰዎቹ ግን እየተፈተኑ መሆናቸውን የነገራቸው አልነበረም። ቢላዋ የያዘውን ሰው ስሜት አይመረምርም።

ይህን ስል ግን ጉዳዩን አጋንኖ ማቅረብ አልፈልግም። በአንዳንድ ስብሰባ «ስልክ ትውልዱን ፈጀው» ሲባል እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ350,000 የሚበልጡ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወጣቶችን መረጃ መርምረው፣ በወጣቶቹ መካከል በኑሮ እርካታና በአእምሮ ሰላም ከሚታየው ልዩነት ውስጥ ከእነዚህ መሣሪያዎች ጋር የሚያያዘው ቢበዛ 0.4 በመቶ መሆኑን ጽፈዋል። በ2018 በአሜሪካ በተደረገ ሌላ ሙከራ ፌስቡካቸውን ለአራት ሳምንት የዘጉ ሰዎች በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተርፏቸዋል፤ የደስታ ስሜታቸውም ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ድህነቱን፣ ሥራ ማጣቱን፣ ጦርነቱንና የቤተሰብ መለያየቱን ሁሉ ትተን ለወጣቱ ኀዘን ስልክን ብቻ መክሰስ እውነትን ማጣመም ነው። በሌላ በኩል አማካይ ቁጥር የአንዱን ሰው ሌሊት አያሳይም። በ2021 የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን ያወጣቻቸው የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች፣ ስለ መልካቸውና ስለ ሰውነታቸው ቀድሞውኑ ከሚጨነቁ ልጃገረዶች መካከል ለብዙዎቹ ኢንስታግራም ጭንቀቱን እንደሚያብስባቸው ኩባንያው ራሱ አጥንቶ እንደደረሰበት አሳይተዋል።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ያሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ቲክቶክን ለአራት ሳምንት ብትዘጋ ስንት ይከፈልህ? ሌሎቹ እየተጠቀሙ አንተ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ሲባሉ በአማካይ 59 ዶላር ጠየቁ፤ ለኢንስታግራም ደግሞ 47 ዶላር። ይህን ያየ ሰው ነገሩን በጣም ይወዱታል ይላል። ጥያቄው ግን ቀጠለ። አንተም ሌሎቹ ተማሪዎችም ሁላችሁም አብራችሁ የምትዘጉ ቢሆንስ? አሁን መልሱ ተገለበጠ። ገንዘብ መቀበሉ ቀርቶ ከኪሳቸው ሊከፍሉ ፈቀዱ፤ ሁሉም ከቲክቶክ እንዲወጣ 28 ዶላር፣ ከኢንስታግራም እንዲወጣ 10 ዶላር። ብዙዎቹ ነገሩ ባይኖር ይመርጡ ነበር ማለት ነው። የሚቆዩት ሌላው ስላለ ነው፤ ሌላውም የሚቆየው እነርሱ ስላሉ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የጥምቀት ዕለት ነው። ታቦታቱ ሲያልፉ ከፊት ያለው ሰው አሻግሮ ለማየት በእግሩ ጣቶች ይቆማል። ከኋላው ያለው ተጋርዶበታልና ድንጋይ ላይ ይወጣል። የእርሱም ኋለኛ አጥር ላይ ይንጠላጠላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ደክሞታል፤ ማንም ከፊተኛው የተሻለ አላየም፤ ብቻውን ወደ መሬት የወረደ ግን የሰው ጀርባ ብቻ ይቀርለታል። እንግዲህ ያንን አንዱን ሰው «ለምን ራስህን አትገዛም? ውረድ» ብሎ መምከር ምን ይጠቅመዋል?

በዩኒቨርሲቲ ያለን ይህን በየቀኑ እናየዋለን። የክፍሉ ተጠሪ የፈተና ቀን መለወጡን ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይለጥፋል። ሃንድአውቱ በቴሌግራም ነው፤ የቡድን ሥራው ክፍፍል በቴሌግራም ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን የመዝሙር ጥናት ሰዓት ሲቀየርም የምንሰማው በዚያው ነው። ቴሌግራሙን ያልከፈተ ተማሪ ባዶ አዳራሽ ደርሶ ይመለሳል። ሊያይ የገባው ማስታወቂያውን ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የማያውቀው ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሰዳደብ እያየ ራሱን ያገኘዋል። ያስገባው ማን ነው? ኩባንያው ብቻ አይደለም። እኛ ነን። ዓሣ አጥማጁ መንጠቆውን ይሠራል፤ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ግን የወዳጅ ስም ነው። ስልኩ ሲንጫረር በላዩ የሚታየው «እገሌ ጽፎልሃል» የሚል እንጂ የባለ ሀብቱ ፊት አይደለም። እኔ ለጓደኛዬ፣ ጓደኛዬም ለእኔ፣ ሳናውቀው ማጥመጃ ሆነናል።

በተቃራኒው ሁሉም አብሮ ሲወርድ ምን እንደሚመስል የእኛ ዕድሜ ልጆች አንድ ጊዜ ቀምሰነዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ለጥቂት ቀናት በአንድ ዶርም የማንተዋወቅ ልጆች ተኛን። በመጀመሪያው ማታ እጅ ሁሉ ወደ ኪስ እየሄደ ባዶውን ይመለስ ነበር። ከላይኛው አልጋ ላይ የነበረ አንድ የጎጃም ልጅ በኪሱ ያገኘውን የታክሲ ደረሰኝ አጣጥፎ እየዘረጋ ሲያነብ አይቼዋለሁ፤ የሚነበብ ነገር ግን አልነበረበትም። በሁለተኛው ማታ በሶ ተበጠበጠ፣ ዳቦ ቆሎ ተዘረጋ፤ ያው ልጅ ስለ አያቱ በቅሎ ማውራት ጀመረ፤ መብራት ከጠፋ በኋላም ወሬው አላለቀም። ፈተናው ከባድ ነበር፤ ስለ እርሱ አላወራም። ስልክ አጣሁ ብሎ ያለቀሰ ሰው ግን አላየሁም። ቀላል ያደረገው ማንም ከማንም ያልቀረ መሆኑ ነው። ውጭ ያለ ወዳጅ ሁሉ ስልክ እንዳልያዝን ያውቃል፤ «ለምን ዝም አልከኝ» ብሎ የሚቀየም አልነበረም።

እርግጥ በግድ መዘጋት ሁሉ እንዲህ አይደለም። በዚያው ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአገራችን ታግደው ነበር። ማንም አልተሰናበተም። ከተማሪው ብዙው ቪፒኤን ጭኖ ገባ፤ ያልቻለው ደግሞ ብቻውን ቀረ። በዚያ የጭንቅ ወራት ስለ ቤተ ክርስቲያናችን እርግጠኛውን ወሬ መስማት ለምንፈልግ ሰዎች እገዳው ዕረፍት አልነበረም። ሳይስማሙ መዘጋትና ተስማምቶ መዝጋት ለየቅል ናቸው። አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በእነዚህ መገናኛዎች መለያ እንዳይኖራቸው በ2024 በሕግ ደንግጋ፣ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከሕጉ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ «ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው» የሚል ልጅ እንዳይኖር ከሁሉም ማውረድ። ይሳካ እንደሆነ ጊዜ ይናገራል። እኛ ግን ሕግ እስኪወጣልን የምንጠብቅ ሕፃናት አይደለንም።

እኔን የሚከነክነኝ በእጃችን ያለው ነው። ቴሌግራም ላይ ያለችውን ሁለት ምልክት ታውቋታላችሁ፤ መልእክቱ ተነቧል ማለት ናት። ይህችን ምልክት አይቶ «አንብበህ ዝም አልከኝ» ብሎ የማይቀየም ስንቱ ነው? በደብዳቤ ዘመን መልስ በወር ቢመጣ «ተመስገን፣ ደኅና ነው» ይባል ነበር። ዛሬ ዐሥር ደቂቃ ክሕደት ሆናለች። ይህን ቅያሜ ያመጣው ኩባንያው ነው ብለን ማምለጥ አንችልም፤ ምልክቷን እርሱ ሠራ፣ ቅያሜው ግን የእኛ ነው። ወዳጁን በሌሊት መልስ የሚያስጠይቅ ሰው የወዳጁን እንቅልፍ እየወሰደ ነው።

ኀዘንም አለ። የአንድ ጓደኛችን አባት ሲያርፍ ከፎቶግራፉ ሥር «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል በመቶ የሚቆጠር ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ግን ከክፍላችን የተቀመጥነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። የጻፈው ሁሉ የደረሰ መስሎት እንደሆነ እገምታለሁ፤ ልጁ ግን የሚያስታውሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ነው። የበጎ አድራጎት ጉዟችንንም ማንሣት አለብኝ፣ ምንም እንኳ አንዳንዱን ወንድሜን ቅር ቢያሰኘው። ለአረጋውያን እንጀራና ዘይት ስንወስድ አንዱ ስልኩን ያወጣል። እናቲቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ፤ እኛም «እማማ፣ ወደዚህ ይዩ» እንላቸዋለን። ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ከፊሉ እውነት ነው፣ ፎቶግራፉን አይቶ ገንዘብ የላከ አለ። የእማማ ፊት ግን የእማማ ነው። ዘይቱን ስለተቀበሉ ፊታቸውን የመሸጥ ግዴታ የለባቸውም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በዶርማችን ያለን ስድስት ልጆች በዚህ ዓመት መጀመሪያ አንድ ነገር ተስማማን። ከሌሊቱ አራት ሰዓት በኋላ ስልኮቹ ሁሉ ድምፃቸው ጠፍቶ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያድራሉ፤ ለክፍል ጓደኞቻችንም ከዚያ ወዲያ መልስ እንዳይጠብቁ ነገርናቸው። ለብቻው ይህን ሞክሮ ያቃተው ከመካከላችን ነበር፤ ስድስት ሆኖ ግን እስካሁን ይዟል፤ በፈተና ሰሞን ጥቂት ቢላላም።

አንድ ችግር ግን ወዲያው ገጠመን። የአንዱ ልጅ ታላቅ እኅት ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ካልተኙ ስልክ መንካት አትችልም፤ ስለዚህ በኢሞ የምትደውለው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልፎ ነው። እርሱን የሚያስተምረው እርሷ የምትልከው ገንዘብ ነው፤ ድምፁን ካልሰማች ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስለ ስልክ ክፋት ስናወራ ያመሸን ልጆች ለዚህ ምን እንበል? ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሁን ያለም ነበር። ተከራከርን። በመጨረሻ የእርሱ ስልክ ድምፁ እንደበራ እንዲያድር፣ ከእኅቱ ጥሪ በቀር ሌላው ማስታወቂያ ሁሉ እንዲጠፋበት ተደረገ። አሁን ሌሊት ሲጠራ ቀድሞ የሚነሣው በር አጠገብ የሚተኛው ልጅ ነው፤ በጨለማው እየዳበሰ ስልኩን ለባለቤቱ ያቀብልና ተመልሶ ይተኛል።